ውኆች አዩህ

ወገኖቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።

በጥምቀት ሰሞን ደጋግመን የምንሰማው አንድ የዳዊት ቃል አለ። «ርእዩከ ማያት እግዚኦ፣ ርእዩከ ማያት ወፈርሁ።» አቤቱ፣ ውኆች አዩህ፤ ውኆች አይተውህ ፈሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ውኃ ዓይን አለው እንዴ? ዳዊት ግን አየ ይላል። ሰው «ይህ የዮሴፍ ልጅ አይደለምን?» እያለ ሲከራከር ዮርዳኖስ ፈጣሪውን አውቆ ወደ ኋላው ሸሸ። ሰው ያላወቀውን ውኃ አወቀ።

ዘንድሮ ግን ይህ ቃል አላስተኛኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ታቦታቱን ሸኝተን ወደ ቤቴ ስመለስ እዚሁ ጅማ በአዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ አለፍኩ። ከሥር ሃይላንድ ተከምሯል። ፌስታል አለ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የወረቀት ባንዲራ ጭቃ ውስጥ ተጣብቋል። የማን በዓል እንደነበር ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ትንሽ ዝቅ ብሎ አንዲት ትልቅ ሴት ለገበያ ያሰቡትን ጎመን ያጥባሉ። ሙስሊም ናቸው። ቀና ብለው ነጠላዬን አዩና «እንኳን አደረሳችሁ ልጄ» አሉኝ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን እማማ» አልኩና አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። እጃቸውን የነከሩበት ውኃ የእኛን ቆሻሻ አልፎ የመጣ ነው። እሳቸው ግን መረቁን።

ውኃው ጌታን አይቶ ፈራ። እኛን ሲያይስ ምን አየ?

ሕዝቅኤል ምዕራፍ 34ን አውጡና አንብቡ። መጀመሪያ እረኞቹን ይገሥጻል። ይህን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ተግሣጹ ለሌላ ሰው ነዋ። ከቁጥር 17 ጀምሮ ግን ወደ በጎቹ ይዞራል። ጥሩውን ውኃ ጠጥታችሁ የተረፈውን በእግራችሁ አደፈረሳችሁ፤ በጎቼም ያደፈረሳችሁትን ይጠጣሉ ይላቸዋል። በመጠጣታቸው አልተወቀሱም። ከእነሱ በታች ሌላ የሚጠጣ እንዳለ ረሱ። አዌቱ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። ውሎ አድሮ ግልገል ጊቤ ይገባል። እሱም ከጊቤ ጋር ተቀላቅሎ፣ ኦሞ ተብሎ፣ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ይሄዳል። ከእኛ በታች ስንት በግ እንዳለ አስቡት።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ስለ ቡና ነው። ጅማ ላይ ያለን ሰዎች ከቡና ያልበላን የለንም፤ እኔም የተማርኩት በቡና ገንዘብ ነው። በመኸር ወቅት እሸቱ ሲፈለፈል ገለፈቱና ጣፋጩ እጣቢ ብዙ ነው። እሱ ወንዝ ውስጥ ከተለቀቀ ይቦካል። ሲቦካ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ዓሣው ይሞታል። ውኃው ይጠቁራል፤ ሽታው ያስቸግራል። ከታች ያሉት ልጆቻቸውን የሚያጥቡት፣ ከብቶቻቸውን የሚያጠጡት በዚያው ነው። ሙስሊም ጎረቤታችን ውዱእ የሚያደርገውም በዚያው ነው።

አንድ ወንድማችን ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ገዝቶ አስገባ። ስሙ ይቅር። እልል አልንለት፣ መረቅነው። የመፈልፈያው እጣቢ ያለ ምንም ጉድጓድ ወንዝ እንደሚገባ ግን ብዙዎቻችን እናውቅ ነበር። ማንም «ወንድሜ፣ ይሄስ?» አላለውም። እኔም አላልኩትም። ምንጣፉን አየሁና ዝም አልኩ። እጣቢውን በጉድጓድ ማጠራቀም፣ ገለፈቱን ኮምፖስት ማድረግ፣ በወንዙ ዳር ሥሩ ጠልቆ አፈር የሚይዘውን ቬቲቨር ሳር መትከል ይቻላል። ወጪ አለው፤ አዎ። አሥራትም ወጪ አለው።

ይህን ሳነሳ «መምህር፣ ፖለቲካ አይሆንብህም?» የሚሉኝ አሉ። ስለ ወንዝ የተናገረ ሰው የማን ወገን እንደሆነ የሚጠየቅበት ዘመን ላይ ደረስን። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ እያልን ችግኝ እንተክላለን። ደጋፊው ፎቶ ይነሣል፤ ተቃዋሚው ያኮርፋል። በጋ ሲመጣ ችግኙን ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅም ቁጥር 300/1995 ተብሎ ከወጣ ስንት ዓመቱ! ሹመኛው ሕጉን ያስከብር፤ ይህን መጠየቅም መብታችን ነው። ግን ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 7ን አስታውሱ። የግብፅ ወንዝ ደም ሲሆን ፈርዖን ልቡ ሳይነካ ወደ ቤቱ ገባ። ሕዝቡ ግን የሚጠጣ ውኃ አጥቶ በወንዙ ዙሪያ ቆፈረ። ውኃ ሲበላሽ ሁልጊዜ የሚቆፍረው ድሃው ነው። እና ይህን መናገር ፖለቲካ ከሆነ ነቢያቱ ሁሉ ፖለቲከኞች ነበሩ ማለት ነው።

አንድ ሐዘን ደግሞ አለብኝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ውስጥ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ለመዳን በሄዱ ወገኖቻችን መካከል ኮሌራ ገባ። የሞቱም አሉ። አንዳንድ ሰው «እምነት አንሷቸው ነው» ሲል ሰምቼ አልቅሻለሁ። እንዲህ አትበሉ። ታምመው፣ አምነው፣ ያን ሁሉ መንገድ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ወገን ያጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የእናንተ ሰው በእምነት ጉድለት አልሞተም። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ መጸዳጃ ቤትና ንጹህ የመጠጥ ውኃ ከሌለ ኮሌራ ማንንም አይመርጥም። ጠበሉን የሚያከብር ሰው መጀመሪያ ሽንት ቤት ይቆፍር። የእጅ መታጠቢያ ሳሙና መግዛትም ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ነው።

የነነዌ ጾም ቀርቧል። ያን ጊዜ ማዕዳችን ላይ የሚቀርበው ጎመን ምናልባት ያ ወንዝ ዳር የታጠበው ነው። የነነዌ ሰዎች ሲጾሙ ከብቶቻቸውም አብረው ጾሙ። እግዚአብሔርም ለዮናስ ሲመልስለት ቀኛቸውንና ግራቸውን ከማይለዩት ሰዎች ጋር እንስሳቱንም ቆጠረ። የመጽሐፈ ዮናስ የመጨረሻ ቃል ስለ እንስሳት መሆኑን ልብ ብላችኋል? እኔ ለብዙ ዓመት ሳላስተውለው አልፌዋለሁ።

ሐሙስ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ ከሰንበት ተማሪዎቻችን ጋር ድልድዩ ጋ እንገናኛለን። ጓንትና ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ። ሙስሊም ጎረቤት ያላችሁ ጥሯቸው፤ እንደሚመጡ አውቃለሁ። የቡና መፈልፈያ ያለህ ወንድሜ፣ አንተም ና፤ ከአንተ ጋር ለብቻ ማውራት እፈልጋለሁ። እማማን እዚያ ካገኘኋቸው መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።