ጤና ጣቢያ ወይስ ሆስፒታል?

ጤና ጣቢያ መውለድ ያለ ባለሙያ መውለድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። የሠለጠነ አዋላጅ ነርስ አለ። ደም እንዳይፈስ መርፌ ይሰጣል፣ እንግዴ ልጅ ከቀረም ያወጣል። እርግዝናው ጤናማ ከሆነ ይህ ይበቃል።

በአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች የማይገኘው ኦፕራሲዮንና ደም መስጠት ነው። ስለዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ደም ግፊት ያለባት ወይም ፅንሱ በመቀመጫው የመጣባት እናት ከመጀመሪያውም ሆስፒታል ትውለድ። ምጥ ከጀመራት በኋላ ሪፈር እስኪጻፍላት መጠበቅ የለባትም።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ምጥ ሌሊት ቢመጣ መኪና ከየት ይገኛል? ቤቷ ሩቅ ለሆነ እናት በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ የእናቶች ማቆያ አለ። ቀኗ ሲቃረብ ገብታ እዚያው ምጧን ትጠብቃለች። በክትትል ቀን ስለ ማቆያው ትጠይቅ።