አስመሳይ ቅሪተ አካል ምንድን ነው?

ሰሞኑን እዚህ ጅማ የጎረቤታችን ልጅ ለግንባታ ከተራገፈ ክምር ውስጥ ያገኘውን ነጣ ያለ ድንጋይ ይዞልኝ መጣ። ድንጋዩ ለሁለት ተሰንጥቋል። ፊቱ ላይ እንስላል የመሰለ ጥቁር ቅርንጫፍ ይታያል። «የጥንት ተክል ነው አይደል?» አለኝ። አይደለም ማለት በጣም ከበደኝ።

ይህ ዴንድራይት ይባላል። ውሃ በስንጥቁ ሰርጎ ይገባና ይዞት የመጣውን ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን እዚያው ያስቀራል። ማንጋኒዙ እየተጠራቀመ ቅርንጫፍ ያወጣል። ሕይወት ኖሮት አያውቅም። እንዲህ ያለው የፍጡር ቅሪት የሚመስል ድንጋይ ነው አስመሳይ ቅሪተ አካል የሚባለው።

በምን ይለያል? ቅጠል ሥርዓት አለው። መሃሉን የሚከፍል መስመር፣ ከግራና ከቀኝ የሚወጡ ቀጫጭን ጅማቶች፣ ጥርት ያለ ጠርዝ። ዴንድራይት ግን ከስንጥቁ ጠርዝ ተነስቶ እንዳመቸው ይበተናል።

እኔ ግን ከቅርጹ በፊት ድንጋዩን ነው የማየው። የጅማ ተራሮች በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የተሠሩ ናቸው። የባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ጥቁር ድንጋይ) ቅልጥ ሲፈስ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። አጥንት ቢያገኝ ያቃጥለዋል። ባዛልት ውስጥ «ጥርስ» የሚመስል ነጭ ነገር ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጋዝ አረፋ ትቶት የሄደውን ቀዳዳ በኋላ ማዕድን ሞልቶት ነው። ቀዩ አፈር ውስጥ እንደ ሽንኩርት የሚላጠው ድቡልቡል ድንጋይም የዳይኖሰር እንቁላል አይደለም። ባዛልቱ ከውጭ ወደ ውስጥ እየበሰበሰ ነው።

ይህ ማለት ግን አካባቢያችን ባዶ ነው ማለት አይደለም። በአንዱ የባዛልት ፍሳሽና በሚቀጥለው መካከል ባለው ጊዜ ሐይቅና ረግረግ ይፈጠር ነበር። ጎንደር አቅራቢያ ጭልጋ ላይ የ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የዝሆን ዘመዶች አጥንት የተገኘው እንዲህ ካለው ደለል ነው። የእኛው የደልቢ-ሞዬ ድንጋይ ከሰልም ረግረግ ውስጥ የተቀበረ ተክል ነው። ስለዚህ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጥ ስስ ንብርብር ድንጋይ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ እዩት።

አጥንት ከመሰላችሁ ስብራቱን ተመልከቱ። አጥንት ዙሪያው ጠጣር፣ ውስጡ ስፖንጅ ነው። የባዛልት ቀዳዳ ግን የትም የተበታተነ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ አትንቀሉት። ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡና ለአካባቢያችሁ የባህል ወይም የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ ዕድሜውን ማወቅ እጅግ ይከብዳል።