የሰው አካሄድ በካሜራ ሲለካ፦ ውጤቱ ምን ያህል ይታመናል?

የአካሄድ ልኬት ሰው ሲራመድ ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በየቅጽበቱ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፉ የሚመዘግብ ምርመራ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (በሕፃንነት በአንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸው ልጆች፣ ስትሮክ ያገኛቸው ሰዎችና ሰው ሠራሽ እግር የሚጠቀሙ ሁሉ ይመረመሩበታል። ለጎንደር ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በአገራችን ፊዚዮቴራፒን (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናን) በዲግሪ በማስተማር ፈር የቀደደ አንጋፋ ተቋም ነው።

ታሪኩ ረጅም ነው። ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰውን ጥቁር ልብስ አልብሶ፣ እጅና እግሩ ላይ ነጭ መስመር አድርጎ ሲራመድ ፎቶ ያነሣ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ሥራው ፈጠነ።

ዛሬ በተመርማሪው ቆዳ ላይ ማርከር የሚባሉ ትንንሽ አንጸባራቂ ኳሶች ይለጠፋሉ። ዙሪያውን የተተከሉ የኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 100 ጊዜና ከዚያ በላይ ያነሷቸዋል። የአንድን ኳስ ቦታ ለማወቅ ቢያንስ ሁለት ካሜራ ሊያየው ይገባል። በደንብ የተስተካከለ ሲስተም የሚሳሳተው በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ትልቁ ስህተት የሚመጣው ማርከሩን ከሚለጥፈው እጅ ነው።

ጉልበትን እንውሰድ። ባለሙያው በጉልበት ውጫዊ ጎን ያለችውን የአጥንት ጉብታ በጣቱ ዳብሶ ያገኛትና ኳሱን ይለጥፍባታል። ኳሱ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ኮምፒውተሩ የጉልበቱን መታጠፊያ መስመር አጣሞ ያሰላዋል። ጤነኛ ጉልበት እግር ከመሬት ተነሥቶ ወደ ፊት ሲሄድ ወደ 60 ዲግሪ ይታጠፋል። መስመሩ ከተጣመመ የዚህ መታጠፍ ከፊሉ ወደ ጎን መወላገድ መስሎ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የልጁ እግር ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ ግራፉ ወልጋዳ ያደርገዋል። ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን ሲያይ ይነቃል፤ ማርከሩን ነቅሎ እንደገና ይለጥፋል። ወፈር ባለ ሰው ላይ ደግሞ የዳሌ አጥንትን ጫፍ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው። ቆዳም በእርምጃ ጊዜ አጥንት ላይ ይንሸራተታል፤ ጭን ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ይህን የትኛውም የሠለጠነ እጅ አያስቀረውም።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ የጥናቶች ቅኝት የትኛው ልኬት ይበልጥ እንደሚታመን ልዩነቱን አሳይቷል። የዳሌና የጉልበት መታጠፍና መዘርጋት ደግመው ሲለኩት ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። የጭን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መዞር ግን በጣም ይዋዥቃል። ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ያለ ስህተት ተቀባይነት አለው ተብሏል፣ ውጤቱ ሲተረጎም ከግምት ከገባ። ከ5 በላይ ከሆነ ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ከሕክምና በኋላ የ4 ዲግሪ ለውጥ ታየ ብሎ ልጁ ተሻለው ማለት መቸኮል ነው። የ5 ዲግሪው ድንበር ለሁሉም መገጣጠሚያ እኩል ይሠራል ወይ የሚለው ያከራክር ይሆናል። ስህተቱን በዲግሪ መናገር ግን ከየትኛውም የስታቲስቲክስ ቁጥር ይልቅ ለሐኪሙ ግልጽ ነው።

አጥንትን በጣት መፈለግ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ጎንደር የምትኮራበት ሙያ እዚህ ላይ ከየትኛውም ውድ ካሜራ እኩል ይመዘናል። ያለ ማርከር በስልክ ቪዲዮ የሚለኩ አዳዲስ ዘዴዎችም መጥተዋል። ረጅም ቀሚስና ጋቢ ግን መገጣጠሚያውን ስለሚሸፍኑ ያስቸግሯቸዋል።

ፍጥነትም መመዝገብ አለበት፤ ሰው ቀስ ሲል የጉልበቱ መታጠፍ ይቀንሳል። በለስላሳ ወለል ላይ የተገኘ ቁጥር የጎንደርን ዳገትና ኮብልስቶን አይወክልም። ካሜራ በሌለበት ክፍል ሜትርና ሰዓት ይዞ ታካሚው 10 ሜትር ለመራመድ የሚፈጅበትን ጊዜ መለካት ይቻላል። በተቻለ መጠን በየቀጠሮው ያው ባለሙያ፣ በዚያው ወለል፣ ታካሚው ያንኑ ጫማ አድርጎ ይለካው።