የጠፈር ፕላዝማና የከፍተኛ ኃይል ጨረር ጥናት በጎጃም

በጎጃም የዚህ መስክ ዋና ማዕከል ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። የዩኒቨርሲቲው የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ ዋሸራ ይባላል፤ የአንጋፋውን የቅኔ ቤት ስም መያዙ ለጎጃም የሚገባ ክብር ነው።

በኢትዮጵያ ጥናቱ የተጀመረው በ1950 ዓ.ም ገደማ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በአዲስ አበባ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም ተመሠረተ። በፊንላንድ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ የራዳር ፊዚክስ ያጠኑትና በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶክተር ባይሌ ዳምጤ ለመስኩ ማደግ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

የአካባቢው ሀብት አቀማመጡ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግድም የሚተኛበት መስመር፣ ከዓባይ በስተደቡብ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል፤ ባሕር ዳር ከዚያ በስተሰሜን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ትርቃለች። በወገቡ ላይ ቀን ቀን፣ በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው አየር ያለው ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች ያሉበት ጋዝ፣ የታችኛው ክፍሉ ቶሎ ይሳሳል፤ የሳሳው ክፍልም ጥቅጥቅ ባለው ውስጥ እንደ አረፋ ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ያለፈ የሳተላይት ምልክት ይርገበገባል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል፤ በጂፒኤስ የሚሠራ ቀያሽም አብራሪም ችግሩ ይደርስበታል። አረፋዎቹ በአፍሪካ ሰማይ ከሌላው ይልቅ እንደሚበዙ የሳተላይት መረጃ ያሳያል፤ ምክንያቱ ግን እስካሁን ያከራክራል።

በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ ባሕር ዳር ላይ ፋብሪ ፔሮ የተባለ የብርሃን መሣሪያ ተተከለ። መሣሪያው በ250 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኦክስጅን ሌሊት የሚሰጠውን፣ 630 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ይቀበላል። ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ጥቃቅን ለውጥ የላይኛው ነፋስ ፍጥነት ይሰላል። የሚሠራው ሰማዩ ሲጠራ ስለሆነ የጣና ክረምት አይመቸውም፤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያሉት ሌሊቶች ግን ወርቅ ናቸው።

ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣውን ኤክስሬይና ጋማ ጨረር ከባቢ አየር ስለሚውጠው በምድር ላይ በቀጥታ ማየት አይቻልም። ከምድር ሆኖ ብርቱውን ማወቅ ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ በአዮኖስፌር፣ ማለትም ፕላዝማ ባለበት የላይኛው አየር ክፍል፣ ላይ የሚተወው አሻራ ነው። ታኅሣሥ 18 ቀን 1997 ዓ.ም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ከሚርቅ ማግኔታር (እጅግ ብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ካለው የሞተ ኮከብ ቅሪት) የፈነዳው ጋማ ጨረር የምድርን አዮኖስፌር አናውጧል። ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር ግን ኤሌክትሪክ የያዘ ቅንጣት ስለሆነ የምድር መግነጢሳዊ መስኩ ያጥፈዋል፤ በወገቡ አካባቢ ደካሞቹ ተመልሰው እጅግ ብርቱዎቹ ብቻ ይገባሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጎጃሙ ጮቄ ተራራ፣ በላዩ ያለው አየር ስስ በመሆኑ፣ እነዚህን ለመቁጠር የተመቸ ቦታ ነው።