ለሞዴል ሮኬት ልኩ የሆነ ሞተር አመራረጥ

ሞዴል ሮኬት፣ ማለትም ለመዝናኛ የሚተኮሰው ትንሹ የካርቶን ሮኬት፣ ሞተሩ ላይ ሲ6-5 (C6-5) ወይም ኤ8-3 (A8-3) ተብሎ የተጻፈው ሲያዩት ግራ ያጋባል እንጂ ለምርጫ የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ እዛው ላይ ነው ያለው። ፊደሉ ጠቅላላ ጉልበቱ ነው፣ በኒውተን ሰከንድ ሲለካ ኤ እስከ 2.5፣ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10፣ ዲ እስከ 20፣ በየፊደሉ እጥፍ እያለ ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር አማካይ ግፊቱ በኒውተን ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ደሞ ግፊቱ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱን ገፍቶ የሚያስወጣው ባሩድ እስኪነሳ ያለው ሰከንድ።

ኤ8፣ ቢ6 እና ሲ6ን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ሦስቱም 18 ሚሊሜትር ውፍረት 70 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው የካርቶን ቱቦዎች ናቸው፣ አፋቸው በሸክላ የተደፈነ መሀሉ ቀዳዳ ያለው፣ ልዩነቱ ውስጣቸው የታጨቀው ባሩድ ላይ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ሳያነቡ መክተት የለም! ዲ12 ግን 24 ሚሊሜትር ስለሆነ ለ18 የተሰራ ሮኬት ውስጥ አይገባም።

መጀመሪያ ሮኬቱን ከነሞተሩና ከነፓራሹቱ መዝኑት። የተለመደው ስሌት ግፊቱ ቢያንስ የክብደቱን 5 እጥፍ ይሁን ነው፣ ምክንያቱም ክንፎቹ ሮኬቱን ቀጥ አርገው የሚይዙት አየሩ በፍጥነት ሲያልፍባቸው ነው፣ ሲነሳ ቀጥ አርጎ የሚመራውን የማስወንጨፊያ ዘንግ ቀስ ብሎ ከለቀቀ ይዘምምና ወደ ሰው ሊሄድ ይችላል። 80 ግራም ሮኬት ክብደቱ በኒውተን ወደ 0.8 ስለሆነ ወደ 4 ኒውተን ይበቃዋል፣ ሲ6 በደንብ ያነሳዋል። 150 ግራም ከሆነ ግን ከ7 በላይ ስለሚፈልግ ወደ ዲ12 መሄድ ነው።

ብዙ ሰው ችላ የሚለው የመጨረሻዋን ቁጥር ነው፣ እኔ ግን ከፊደሉ እኩል ነው የማያት። ፓራሹቱ መውጣት ያለበት ሮኬቱ ጫፍ ደርሶ ቆም ሊል ሲል ነው። ከባድ ሮኬት ቶሎ ስለሚደክም ሲ6-7 ብትሰጡት ጫፉን አልፎ አፍንጫውን ደፍቶ እየተምዘገዘገ ሲወርድ ነው የሚከፈተው፣ ፓራሹቱ ይቀደዳል፣ ወይ ገመዱ የካርቶን ገላውን ከላይ ወደታች ይሰነጥቀዋል፣ ለሱ ሲ6-3 ይሻለዋል። ቀላልና ቀጭን ሮኬት ደሞ በተቃራኒው ረጅሙን ይፈልጋል። በ0 የሚያልቁት ፓራሹት የሚያስወጣ ባሩድ የላቸውም፣ ባለ ሁለት ደረጃ ሮኬት ታችኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው የሚገቡት።

ሞተሩን ራስ ሰርቶ መሙላት ፈጽሞ አይሞከርም። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ፣ ኔብራስካ ውስጥ ጫማ ሻጭ የነበረው ኦርቪል ካርላይል የሞዴል ሮኬትን ሐሳብ ያመጣው፣ በ1958 ደሞ ቨርን ኤስተስ ዴንቨር ውስጥ የሞዴል ሮኬት ሞተር ማምረቻ ድርጅቱን የጀመረው ወጣቶች በብረት ቱቦ ነዳጅ እያጨቁ በሚጎዱበት ዘመን ነበር።

ሜዳውም ይወስናል። የአሜሪካ የሮኬት ማህበር ደንብ ለኤ በጠባቡ ጎን 30 ሜትር፣ ለቢ 60፣ ለሲ 120፣ ለዲ 150 ሜትር ይላል፣ ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎሜትር ካለፈ ደሞ አይተኮስም። ለአዲስ ሮኬት መጀመሪያ በሚያነሳው ትንሹ ሞተር ሞክሩትና በቀጥታ መውጣቱን ካያችሁ በኋላ ወደ ሲ ውጡ።