ሂሳብና ንባብ በቤዝቦል

በአሜሪካ ክፍልፋይንና አስርዮሽን፣ ንባብንና ድርሰትንም በቤዝቦል፣ ማለትም አንዱ የወረወረውን ኳስ ሌላው በዱላ መትቶ ሜዳውን በመዞር ነጥብ በሚያስቆጥርበት ጨዋታ፣ የሚያስተምሩ መምህራን ብዙ ናቸው። ጨዋታው ለዚህ የተመቸው ሜዳ ላይ የሚሆነው ሁሉ ስለሚመዘገብ ነው። እንግሊዝ ተወልዶ ብሩክሊን ያደገው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የውጤት ሠንጠረዡን መልክ ካስያዘው ወዲህ፣ ጨዋታውን ያላየ ሰው እንኳ ማን እንደመታ፣ ማን ዞሮ ነጥብ እንዳስቆጠረ በማግስቱ ከጋዜጣ ያነባል።

ሂሳቡ የሚጀምረው ከመቺው አማካይ ነው። ያሳካቸው ምቶች ለመምታት በቆመባቸው ተራዎች ይካፈሉና ውጤቱ እስከ ሦስት የአስርዮሽ አኃዝ ይጻፋል። ወርዋሪው ኳሱን አበላሽቶ መቺውን በነጻ ያሳለፈበት ተራ አይቆጠርም። ከ10 ተራ 3 የመታ 0.300 ነው። ፈተና ላይ ከ10 ሦስት ወላጅ ያስጠራል፤ እዚህ ግን ጎበዝ ያሰኛል።

ማጠጋጋትን ለማስተማር ከቴድ ዊልያምስ ታሪክ የተሻለ አላውቅም። የቦስተኑ መቺ እ.ኤ.አ. በ1941 የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ሲነጋ ከ448 ተራ 179 ምት ነበረው። ተማሪው ሲያካፍለው 0.39955 ያገኛል፤ ሲያጠጋጋው 0.400፣ መቺ ሁሉ የሚመኘው ቁጥር። አሰልጣኙ ከፈለገ እንዲያርፍ ፈቀደለት። እሱ ግን የዕለቱን ሁለት ጨዋታዎች ተሰልፎ ከ8 ተራ 6 መታና በ185 ለ456፣ ማለትም በ0.406 ጨረሰ። ስምንቱንም ቢስት ኖሮስ? ወደ 0.393 ይወርድ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ በሁለቱ ትልልቅ ሊጎች፣ በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ፣ 0.400 የደረሰ የለም።

ከፍ ላሉ ተማሪዎች ዴቪድ ጀስቲስና ዴሪክ ጂተር የተባሉ ሁለት መቺዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995ም በ1996ም የጀስቲስ አማካይ ይበልጣል፤ ሁለቱ ዓመታት ሲደመሩ ግን ጂተር 0.310፣ ጀስቲስ 0.270 ይሆናሉ። ጂተር በመጀመሪያው ዓመት 48 ጊዜ፣ አማካዩ በተሻለበት በሁለተኛው 582 ጊዜ ስለቆመ ነው፤ ጀስቲስ ግን በብዛት የቆመው በመጀመሪያው ነው። በወርዋሪ መዝገብ ላይ ደግሞ 6.1 ማለት ስድስት የጨዋታ ዙር ከሲሶ ወረወረ ማለት እንጂ አስርዮሽ አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ ያልነገረ መምህር ክፍሉን ያምሳል።

በንባብ በኩል የሚጠቀሰው ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት ነው። 64 የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አንድ ግጥሚያ የሚተርክ ጽሑፍ አነበቡና ያነበቡትን በትንሽ የሜዳ ሞዴል ላይ ተጫዋቾቹን እያንቀሳቀሱ አሳዩ። ቤዝቦልን የሚያውቁ ደካማ አንባቢዎች፣ ቤዝቦልን ከማያውቁ ጎበዝ አንባቢዎች በተሻለ ተረድተውት ነበር።

ይህ ለዘዴው ድጋፍም ማስጠንቀቂያም ነው። ከአባቱ ጋር ጨዋታ እያየ ያደገ ልጅ ይጠቀማል፤ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ፣ ኳስ ሲባል እግር ኳስ የሚታየው ልጅ ግን ስሌቱ ጋ ሳይደርስ ሕጉ ላይ ይቀራል። ለእሱ ዱላውን ማስጨበጥ ይቀድማል። ዋሽንግተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 በፎርት ዱፖንት ፓርክ የተከፈተው የናሽናልስ ክለብ የወጣቶች አካዳሚ ጥናትንና ልምምድን በአንድ ግቢ ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 በተጀመረውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በትልልቆቹ ሊጎች በተሰለፈው የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች በጃኪ ሮቢንሰን ስም በተሰየመው የድርሰት ውድድር ደግሞ ተማሪዎች የሚጽፉት በራሳቸው ሕይወት ስለገጠማቸው እንቅፋትና እንዴት እንደተሻገሩት ስለሆነ፣ ዱላ ይዞ የማያውቅም ይወዳደራል።