«አንድ ነገር ጫን ታደርጋለህ፣ አለቀ»፦ ፎቶን የእርሳስ ሥዕል ስለማስመሰል የሚወሩና እውነታው

ደሴ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። የሰርግና የምርቃት ሰሞን አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል፦ «ይቺን ፎቶ በእርሳስ የተሳለች አስመስልልኝ።» እሠራለሁ። ግን ከሥራው በፊት አንዳንድ ወሬ ማጥራት አለብኝ።

«አንድ ነገር ጫን ታደርጋለህ፣ አለቀ»

ይህ ብዙ ጊዜ የሚባለው ዋጋ ለማስቀነስ ነው። እርግጥ ፎቶሾፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ የተዘጋጁ ፊልተሮች (የምስሉን መልክ ባንዴ የሚለውጡ ትእዛዞች) አሉ፤ አንዱን ብትጫኑ ንድፍ የሚመስል ነገር ይወጣል። ችግሩ የሁሉም ሰው ፊት አንድ ዓይነት ይሆናል። እኔ የቆየውን መንገድ ነው የምከተለው። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ። ሌየሩን (ምስሉ ያለበትን ሽፋን) በኮንትሮል-ጄ እደግመዋለሁ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። የላይኛውን በኮንትሮል-አይ ስገለብጠው ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል፤ የድሮ ኔጌቲቭ በሉት። ከዚያ የዚያን ሌየር ብሌንድ ሞድ (ከታችኛው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) «ከለር ዶጅ» ላይ አደርጋለሁ።

በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። አጠገቤ የቆመው ደንበኛ «ወይኔ፣ ጠፋ!» ይላል። አብሽር እለዋለሁ። ጋውሲያን ብለር የሚባለውን ማደብዘዣ ከፍቼ ቁጥሩን ቀስ እያልኩ ስጨምር መጀመሪያ ሽፋሽፍቱ፣ ቀጥሎ የሹሩባው መስመር፣ ከዚያ ከንፈሩ ከነጩ ውስጥ ብቅ ይላል። ስንት ጊዜ ሠርቼውም ይቺ ነገር አትሰለቸኝም።

«ኮምፒውተሩ ይስላል»

አይስልም፤ ያካፍላል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ከ0 እስከ 255 የሆነ ቁጥር አላት። 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ድፍን ነጭ። ከላይ ያልኩት ዘዴ የነጥቧን ቁጥር ለአካባቢዋ አማካይ ያካፍላል። ጉንጭ ላይ ያለች ነጥብ 90 ሆና ጎረቤቶቿም 90 ከሆኑ መልሱ 1 ነው፤ እዚህ ላይ 1 ማለት ሙሉው፣ 255ቱ ነው፤ ማለትም ነጭ ወረቀት። ሽፋሽፍት ላይ ያለችው 40 ሆና አካባቢዋ 80 ከሆነ ግማሽ ይመጣል፤ ግራጫ መስመር ትሆናለች። የሚተርፈው እንግዲህ ከጎረቤቱ የጠቆረ ብቻ ነው። ብለሩ ሲያንስ መስመሩ ይቀጥናል፣ ሲበዛ ጥላም ይዞ ይመጣል።

«ሶፍትዌሩ ጠይም ሰው አይወድም»

አንዲት እናት የልጃቸውን ሥዕል አይተው «ልጄን ፈረንጅ አደረግካት እኮ!» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፣ ጉንጯ ወረቀት መስሏል። ግን ሒሳቡን እዩት፦ 60 ለ60 ቢካፈል 1፣ 200 ለ200 ቢካፈልም 1። ለጠይሙም ለቀዩም አያዳላም፤ ሁሉንም ያነጣል። ጥፋቱ እዚያ ላይ ያቆምኩት የእኔ ነበር። አሁን የጥቁርና ነጩን ፎቶ አንድ ተጨማሪ ኮፒ ከሁሉም በላይ አድርጌ፣ ሞዱን ከሥሩ ያለውን በሚያጠቁረው «መልቲፕላይ» ላይ፣ ኦፓሲቲውን (ጎልቶ የሚታይበትን መጠን) ከ20 እስከ 30 በመቶ አደርጋለሁ። መልኳ ይመለሳል። የነጠላ ነገር ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ነጭ ግድግዳ ፊት ነጭ ነጠላ ለብሳችሁ ከተነሳችሁ ጥለቱ ብቻውን አየር ላይ ይንሳፈፋል።

«የደበዘዘ ፎቶም በእርሳስ ሲሆን ያምራል»

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። መስመሩ የሚወጣው ከልዩነት ነው፤ የደበዘዘ ፎቶ ደግሞ ልዩነቱ ሟሙቷል። ማታ በደካማ መብራት የተነሳ የቡና ሥነ ሥርዓት ፎቶ ሲሆን በጨለማው ውስጥ ያለው ብናኝ ነጥብ ሁሉ የእርሳስ ቆሻሻ ሆኖ ፊት ላይ ይበተናል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ የተጨመቀ ከሆነ ይብሳል። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ምስልን 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች እየከፋፈለ ነው የሚጨምቀው፤ ጭመቃው ሲበዛ የካሬዎቹ ድንበር እንደ መስመር ብቅ ይላል፣ ግንባራችሁ የሒሳብ ደብተር ይመስላል። እባካችሁ እንደ ፋይል ላኩልኝ። በኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም 2480 በ3508 ነጥብ ያስፈልጋል። ከአልበም ስካን የተደረገ አሮጌ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ጭረቱን አስቀድሜ ነው የማጠፋው፤ አለበለዚያ አያታችሁ ፊት ላይ ጠባሳ ይወጣል።

«ያለ ፎቶሾፕ አይሆንም»

ይሆናል። ጊምፕ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ እዚያም ዶጅ አለ። ፎቶፒያ ደግሞ ሳይጫን ብሮውዘር ላይ ይከፈታል።

«ከእጅ ሥዕል በምን ይለያል?»

አንድ ሙሽራ ሐይቅ ዳር የተነሳውን ፎቶ ይዞ መጣ። ከኋላው ውሃው፣ ከጎን ባህር ዛፍ። ሠዓሊ ቢሆን ውሃውን በሦስት መስመር ይጨርሰው ነበር። የእኔው ዘዴ እያንዳንዷን ሞገድና እያንዳንዱን ቅጠል ለቀመ፤ ሙሽራው ከጫካ የወጣ መሰለ። ምን ይቅር፣ ምን ይውጣ የሚለውን መምረጥ አይችልም። ግማሽ ቀን ተቀምጬ ጀርባውን በማስክ (የማይፈለገውን ክፍል በሚደብቅ ሽፋን) ደመሰስኩ።

ሲረከበኝ «ከታች የሠዓሊ ፊርማ ጣልበት» አለኝ። ፊርማ አልጣልኩም። የሰርጉን ቀን ጻፍኩለት።